ትናንት የገባው ሰነድ የት ሄደ?

አምቦ ውስጥ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ፣ መዝገብ ቤቱ ከመግቢያው በስተቀኝ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳው ከወለል እስከ ኮርኒስ በቦክስ ፋይል ተሞልቷል፤ በጀርባቸው የተለጠፈው ወረቀት አንዳንዱ በእጅ፣ አንዳንዱ በታይፕ የተጻፈ ነው። በመስኮቱ ሥር ስካነር፣ ያረጀ ኮምፒውተርና መብራት በተወዛወዘ ቁጥር የሚጮህ ዩፒኤስ ተቀምጠዋል። መዝገብ ቤቱን ለብዙ ዓመታት የያዙት ሰው ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ቀርቷቸዋል። የትኛው ደብዳቤ የት እንዳለ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ስለዚህ አንድ ወጣት የአይሲቲ ባለሙያ አብሯቸው ተመደበ፤ ወረቀቱ ስካን ተደርጎ፣ ጽሑፉ ተለቅሞ፣ በቃል የሚፈለግበት ፕሮግራም ሊሠራላቸው።

ፕሮግራሙ ተሠራ፤ ሥራው ግን ግራ የሚያጋባ ሆነ። ጠዋት ያስገቡት ደብዳቤ ጠዋት ሲፈለግ ይገኛል። ከሰዓት ሌላ ጥራዝ ያስገባሉ፤ የከሰዓቱ ይገኛል፣ የጠዋቱ የለም። በማግስቱ ደግሞ ሁለቱም የሉም።

«ጋሼ፣ ትናንት በትክክል አስገብተውታል ግን?»

«አንተ ልጅ፣ በእጄ ነው ያስገባሁት። ወረቀቱ ይኸው፣ ፋይሉም ፎልደሩ ውስጥ አለ። የካደኝ ማሽንህ ነው።»

ፋይሉ በእርግጥም ፎልደሩ ውስጥ ነበር። የጠፋው ወደ ሰነዱ የሚያደርሰው ማውጫ ነው። ወጣቱ ኮዱን ከላይ እስከ ታች ሲያነብ ጥፋቱን በአንዲት መስመር ላይ አገኘው። ፕሮግራሙ በፓይተን የተጻፈ ሲሆን «ዉሽ» የተባለውን ነፃ የፍለጋ ላይብረሪ ይጠቀማል። ዉሽ ማውጫ ላይ የሚደርሰው በሁለት ትእዛዝ ነው። «ክሪኤት ኢን» የሚለው አዲስ ማውጫ ይሠራል፤ በዚያው ፎልደር ቀድሞ የተሠራ ካለ ይዘቱን ጠርጎ ከባዶ ይጀምራል። «ኦፕን ዲር» የሚለው ያለውን ይከፍታል። ወጣቱ የጻፈው የመጀመሪያውን ነበር። ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር፣ አንዲት ማስጠንቀቂያ ሳያሳይ፣ የቀደመውን እየጠረገ ያሁኑን ይጽፋል።

በስንፍና የመጣ ስህተት አይደለም። ፕሮግራመር የሚማርበት ምሳሌ ሁሉ የሚጀምረው ከባዶ ፎልደር ነው። በመጀመሪያው ቀን «ክፈት» ቢባል የሚከፈት ነገር ስለሌለ ስህተት ይመጣል፤ «ፍጠር» ቢባል ይሠራል። የሠራ ኮድ ደግሞ ማንም አይነካውም። ችግሩ የሚታየው ፕሮግራሙ ሁለተኛ ጊዜ ሲነሣ ነው፤ ያኔም ቢሆን የሚያየው ሰነድ የሚያስገባው ሰው እንጂ ኮድ ጸሐፊው አይደለም።

ማውጫ ስንል በመጽሐፍ መጨረሻ ላይ ያለውን ዓይነት ነው፤ ባለሙያዎቹ ኢንዴክስ ይሉታል። ሶፍትዌሩ ሰነድ ሲቀበል ጽሑፉን ቃል በቃል ይቆራርጠዋል፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ቃል በየትኞቹ ሰነዶች፣ በስንተኛው ቦታ ላይ እንደሚገኝ ይመዘግባል። «ጉደር» የሚለው ቃል ፊት ለፊቱ የሰነድ ቁጥሮች ተደርድረውለታል፤ «ጊንጪ»ም የራሱ ረድፍ አለው። ፈላጊ ሲመጣ ሰነዶቹ አይገለጡም፤ የሚነበበው ያ ረድፍ ብቻ ነው። በሺህ የሚቆጠር ሰነድ በሰከንድ ክፋይ የሚፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። የዕድር ጸሐፊ በየወሩ ያንኑ መዝገብ ከፍቶ የወሩን መዋጮ ይጨምርበታል እንጂ አዲስ ደብተር ገዝቶ የቀድሞውን እሳት ውስጥ አይጥልም፤ ማውጫም በየዕለቱ ሊያዝ የሚገባው እንዲሁ ነው።

ፈልጎ የማግኛ ሠንጠረዥ ለአገራችን መጻሕፍት እንግዳ አይደለም። አድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት የወንጌል ብራናዎች በራዲዮካርቦን ሲለኩ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የሚወድቁ ሆነዋል። መግቢያቸው ላይ የቂሳርያው አውሳብዮስ ያዘጋጃቸው ሠንጠረዦች በሥዕል አጊጠው ይታያሉ። አንዱ ታሪክ በአራቱ ወንጌላት በየትኛው ክፍል እንደሚገኝ በቁጥር ያመለክታሉ። የወንጌል ጽሑፍ ስለማይጨመርበት ሠንጠረዡ አንዴ ከተሠራ በቃ። የመዝገብ ቤት ጣጣ በየቀኑ አዲስ ወረቀት መምጣቱ ነው።

ይኸው የመፍጠርና የመክፈት ጥያቄ ከዉሽ ውጭም አለ። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት የፍለጋ ሞተር «ሉሲን» ነው። ዳግ ከቲንግ የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ1999 ጻፈው፤ ስሙን የወሰደው ከባለቤቱ የመካከለኛ ስም ነው። በ2001 ወደ አፓቺ ገባ፤ «ሶልር» እና በ2010 የወጣው «ኢላስቲክሰርች» ሁለቱም የተገነቡት በእሱ ላይ ነው። ሉሲን በድሮው ስሪቱ ማውጫ ሲከፈት «እውነት» ወይም «ሐሰት» ተብሎ የሚሞላ አንድ ክፍት ቦታ ነበረው፤ «እውነት» ከተባለ የነበረው ማውጫ ይደመሰሳል። ይህ ብዙ ሰው ስላሳሳተ ይመስለኛል፣ በኋላ ሦስት ግልጽ አማራጮች ተተኩ። «ክሪኤት» ሁልጊዜ አዲስ ይፈጥራል። «አፔንድ» ያለውን ብቻ ይከፍታል፤ ከሌለ ስህተት ብሎ ይቆማል። «ክሪኤት ኦር አፔንድ» ካለ ይከፍታል፣ ከሌለ ይፈጥራል። ተጠቃሚው ካልመረጠ የሚሠራው ይህ ሦስተኛው ነው።

ሦስተኛው በጣም ምቹ ስለሆነ ብዙዎች ጥያቄው በእሱ የተዘጋ ይመስላቸዋል። እኔ አይመስለኝም። መዝገብ ቤቱ ውስጥ ማውጫው በተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ላይ ተቀምጧል እንበል። አንድ ቀን ሃርድ ዲስኩን አንዱ ለሌላ ሥራ ነቅሎ ይወስደዋል፤ ወይም ፕሮግራሙ ከሌላ ፎልደር ይነሣል። «ክሪኤት ኦር አፔንድ» ማውጫ ፈልጎ ያጣል፤ ደግነቱ አይሎ እዚያው ባዶ ማውጫ ይፈጥራል፤ ሥራውም ያለ ምንም ቅሬታ ይቀጥላል። የቀድሞው ማውጫ ሌላ ቦታ በሰላም ተቀምጦ ሳለ ፈላጊው «ምንም ውጤት የለም» የሚል መልስ ያገኛል። «አፔንድ» ቢሆን ኖሮ ግን ቀዩን ስህተት በስክሪኑ ላይ ጥሎ ይቆም ነበር፤ ሰውየውም ሃርድ ዲስኩ አለመሰካቱን ያያል። የዕለት ሥራ የሚሠራ ፕሮግራም «ክፈት» ብቻ ማወቅ አለበት ባይ ነኝ። መፍጠር ለብቻው የተጻፈ፣ በሰው እጅ የሚነሣ፣ ቢቻል «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሌላ ትእዛዝ ይሁን።

«ክፈት» የራሱ ጣጣ አለው፤ አንድ ሰነድ ሁለት ጊዜ ቢገባ ማውጫው ሁለት ጊዜ ይመዘግበዋል። የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ ትናንት ያስገቡትን ፎልደር ዛሬም ቢያስገቡ ያው ደብዳቤ ደጋግሞ ብቅ ይላል። አንዳንድ ፕሮግራመር ይህን ሲያይ በየጊዜው ደምስሶ መፍጠርን መፍትሔ ያደርገዋል፤ ሰነዱ ጥቂት ሳለ ያስኬዳል፣ ሲበዛ አንድ ወረቀት ለመጨመር ሌሊቱን ሙሉ መጠበቅ ይመጣል። ትክክለኛው መንገድ ለእያንዳንዱ ሰነድ የማይደገም መለያ መስጠት ነው፤ መሥሪያ ቤት ደግሞ የደብዳቤ ቁጥርና ቀን አያጣም። ከዚያ «ጨምር» በማለት ፈንታ «አድስ» ይባላል፤ ሉሲን በዚያ መለያ የተመዘገበውን አሮጌ እንደ ተሰረዘ ቆጥሮ አዲሱን ይጽፋል።

ስለ መብራት ሳይወራ የአምቦ የኮምፒውተር ወሬ አይሞላም። ማውጫ ሲጻፍ መብራት ቢሄድ ምን ይሆናል? ሉሲን እዚህ ላይ ጠንቃቃ ነው። አዳዲስ ሰነዶችን የሚጽፈው በአዲስ ቁራጭ ፋይሎች ላይ ነው፤ የቀድሞዎቹን ከፍቶ አይነካካም። ሁሉም ዲስክ ላይ መድረሱ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ የትኞቹ ቁራጮች ሥራ ላይ እንደሆኑ የሚናገረውን ትንሽ ፋይል ይለውጣል፤ ማጽደቅ የሚባለው ይህ ነው። መብራቱ ከዚህ በፊት ከሄደ ማውጫው መጨረሻ ላይ እንደ ጸደቀ ሆኖ ይገኛል፤ የሚጠፋው ከዚያ ወዲህ የገባው ብቻ ነው። ስለዚህ ለሰዓታት የገባውን ሁሉ በመጨረሻ አንዴ ከማጽደቅ፣ በየጥቂት መቶው ሰነድ ማጽደቅ ለእኛ አገር ይሻላል።

በማውጫው ፎልደር ውስጥ ሌላም «ራይት ሎክ» የሚባል ፋይል አለ። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ እንዳይጽፉ የሚጠብቅ ቁልፍ ነው፤ ማንበብ ሁሉም ይችላል፣ መጻፍ ግን አንድ በአንድ። በተለመደው አሠራር ፕሮግራሙ በድንገት ቢሞት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ቁልፉን ይለቀዋል፤ ፋይሉ ቢቀርም አያስቸግርም። በፋይሉ መኖር ብቻ የሚመራ የቁልፍ ዓይነት ከተመረጠ ግን መብራት ሲመለስ «ማውጫው ተይዟል» የሚል መልስ ይመጣል። ያዡ ፕሮግራም በእርግጥ መሞቱ ከታየ በኋላ ያቺን አንዲት ፋይል ማንሣት ይበቃል። የተናደደ ሰው ግን ፎልደሩን ሙሉ ያጠፋዋል። ቀጥሎ «ካለ ክፈት፣ ከሌለ ፍጠር» የሚለው አማራጭ ይመጣና ባዶ ማውጫ ያቀርብለታል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ መክፈት ሲገባ ስለ መፍጠር ነው። ይህ ስህተት ቢያስደነግጥም ወዲያው ስለሚታይ ዕድሜው አጭር ነው። የባሰው ተቃራኒው ነው፤ መፍጠር ሲገባ መክፈት። ይኸኛው ስህተት አይልም፤ ማንንም አያስደነግጥም፤ ዓመታት ይኖራል።

ወጣቱ መስመሯን ካስተካከለ በኋላ ሰነዱ መከማቸት ጀመረ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው በከተማው ስለ ተካሄደ የሥነ ጽሑፍ ዝግጅት የተጻፈ ደብዳቤ አስታወሱና «ጸጋዬ» ብለው ጻፉ። ምንም የለም። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የአካባቢው ልጅ ነው፤ በ1928 ዓ.ም. የተወለደው አምቦ አጠገብ ቦዳ በምትባል ስፍራ ነው። በአምቦ መዝገብ ቤት ስሙ ይጠፋል ማለት ዘበት ነው። ሽማግሌው ተነሥተው ቦክስ ፋይሉን አወረዱና ደብዳቤውን አወጡት። በደብዳቤው ላይ ያለው «ፀጋዬ ገ/መድህን» ነው።

ለአንባቢ ዓይን አንድ ስም ነው። ለማውጫው ግን «ጸ» እና «ፀ» እንደ «መ» እና «ቀ» የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «መድኅን»ና «መድህን»ም አይገናኙም። «ገ/መድህን» ላይ ደግሞ የተለመደው ቃል ቆራጭ በእዝባሩ ላይ ይከፍለዋል፤ «ገ» ለብቻው፣ «መድህን» ለብቻው ይመዘገባሉ። ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ኀ፣ ኃ፤ ሰ እና ሠ፤ አ፣ ዐ፣ ዓ፤ ሁሉም እንዲሁ ናቸው። የአምቦው ተወላጅ ድምፃዊ ስም በጋዜጦቻችን ሃጫሉም ሀጫሉም እየተባለ ይጻፋል፤ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ካምፓስ ደግሞ በስሙ ተሰይሟል። ካምፓሱን የሚጠቅስ ደብዳቤ ሁሉ በሁለት ረድፍ ተከፍሎ ይመዘገባል ማለት ነው። «ምዕራብ ሸዋ»ና «ምእራብ ሸዋ»ም እንዲሁ።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ቃሉ ማውጫ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ወደ አንድ ይመለሳሉ፤ ፈላጊው የጻፈውም በዚያው ወንፊት ያልፋል። በሶልር ይህ በአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ይሠራል፤ እያንዳንዱ መስመር አንዱን ፊደል ወደ ሌላው ይመልሳል፤ የሐ፣ የኀ፣ የሠ፣ የዐ እና የፀ ሰባት ሰባት ቅርጾች ተደምረው ፋይሉ ወደ 40 መስመር ቢሆን ነው። ሰነዱ ራሱ አይነካም፤ አንባቢው የሚያየው ደራሲው እንደ ጻፈው ነው። የፊደል ጠበቆች የሚያነሡት ቅሬታ ግን መሠረት አለው፤ ሠዓሊ የሚፈልግ ሰው «ሰአሊ ለነ» ከሚለው ጸሎት ጋር ይገናኛል። እኔ ይህን ዋጋ በደስታ እከፍላለሁ፤ ትርፍ ውጤት በዓይን ይታለፋል፣ የጠፋ ውጤት ግን መኖሩም አይታወቅም።

የተዘነጋው ነገር ይህ ነው። ወጣቱ ይህን የማመሳሰያ ደንብ ጨምሮ የድሮውን ማውጫ «ክፈት» ቢል፣ ከዛሬ በኋላ የሚገቡት ሰነዶች በአዲሱ ደንብ ይመዘገባሉ፤ የድሮዎቹ በድሮው ደንብ እንደ ተመዘገቡ ይቀራሉ። ይባስ ብሎ አሁን ፈላጊው «ፀጋዬ» ብሎ ሲጽፍ ወደ «ጸጋዬ» ስለሚመለስበት፣ ትናንት በ«ፀ» ሲፈለግ ይገኝ የነበረው አሮጌ ደብዳቤ ዛሬ አይገኝም። አንድ ማውጫ ውስጥ ሁለት ደንብ ይኖራል፤ ለፈላጊው የሚደርሰው ግማሽ ነው፤ ግማሽ መሆኑን የሚነግረው የለም። ቃል የሚቆረጥበት ወይም የሚመሳሰልበት ደንብ በተለወጠ ቁጥር ማውጫው ከሥሩ፣ ከሰነዶቹ ተነሥቶ እንደገና መሠራት አለበት።

እኛ ዘንድ ይህ ከሌላው አገር ይልቅ ደጋግሞ ይመጣል። ሉሲን ለዐረብኛ፣ ለፋርስኛ፣ ለሕንድኛ፣ ለአርመንኛ ሳይቀር የተዘጋጁ የቋንቋ ደንቦች ይዞ ይመጣል፤ ለአማርኛና ለአፋን ኦሮሞ የለውም። ሁለቱ ቋንቋዎች ደግሞ የሚያስቸግሩት በተለያየ በኩል ነው። አማርኛ በቃል ራስ ላይ ይጨምራል፦ የአምቦ፣ በአምቦ፣ ከአምቦ፣ ለአምቦ፣ ስለአምቦ። «አምቦ» ብሎ የጻፈ ሰው ከእነዚህ አንዱንም አያገኝም፤ ቃሉ መጨረሻ ላይ «የቀረው ምንም ይሁን» የሚለውን የኮከብ ምልክት ቢጨምርም አይረዳውም። አፋን ኦሮሞ በብዛት የሚጨምረው በጅራት ስለሆነ እዚያ ኮከቡ ይሠራል። የቁቤ ችግር ሌላ ነው፤ የከተማዋ ስም መጨረሻ ላይ «ኦ»ን ሁለት ጊዜ የሚጽፍ አለ፣ በእንግሊዝኛው ልማድ አንድ ጊዜ ብቻ የሚጽፍም አለ። የምዕራብ ሸዋ መዝገብ ቤት ሁለቱን ቋንቋ የያዘ ነው። ቁቤ የኦሮሚያ የሥራ ጽሕፈት ከሆነ ከ1984 ዓ.ም. በኋላ ያለው በቁቤ፣ ከዚያ በፊት ያለው በአማርኛ ነው። አንድ ደንብ ለሁለቱም አይበቃም፤ ለየቋንቋው የራሱ መስክ ያስፈልጋል።

የምርምር ሥራ ጠፍቶ አይደለም። የሼፊልዱ ፒተር ዊሌትና ነጋ ዓለማየሁ የአማርኛን ቃል ወደ ግንዱ ስለ መመለስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጽፈዋል (የአቶ ነጋ የአባት ስም ራሱ በ«ዓ» ነው በ«አ» የሚለው ለማውጫ ፈተና ነው)። ደበላ ተስፋዬና ኤርሚያስ አበበ በ2010 ለአፋን ኦሮሞ በደንቦች የሚመራ፣ ቃልን ወደ ግንዱ የሚመልስ ፕሮግራም አቅርበዋል። በ2020 ደግሞ ጥላሁን የሻምበል፣ ጆዚያን ሞትና ያረጋል አሰብዬ የአማርኛ ፍለጋ የሚፈተንበት፣ 240 ጥያቄዎችና ከ12 ሺህ በላይ ሰነዶች ያሉት ስብስብ አሳትመዋል። ከእነዚህ ወረቀቶች እስከ አንድ ወረዳ መዝገብ ቤት ያለው መንገድ ነው ያልተጠረገው።

ሽማግሌው ቀጥለው ያደረጉት ወጣቱን በጣም አስደነቀው። «አምቦ ብለህ ብቻ አትፈልግ፤ በንጉሡ ጊዜ ከተማዋ ሀገረ ሕይወት ነበረች። ዞንም አልነበረም፤ ጅባትና ሜጫ አውራጃ ብለህ ሞክር።» ሞከረ፤ ከዚያ በፊት ያልታዩ ደብዳቤዎች ወጡ። ሆለታም «ገነት» እየተባለች ተጽፋለች፣ እጀሬም አዲስ ዓለም። ይህ ዕውቀት ከየትኛውም ሶፍትዌር ጋር አይመጣም፤ በእኚህ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለ ነው፤ የተመደበላቸው ወጣት መውሰድ የነበረበትም ከፋይሉ ቦታ ይልቅ ይህን ነበር። ወጣቱ በደብተሩ ላይ ስሞቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ጻፈ። ደስ የሚለው፣ እንዲህ ያለው የስም ጥንድ ማውጫውን እንደገና መፍጠር አይጠይቅም። በፈላጊው በኩል ብቻ ሊተከል ይችላል፤ «አምቦ» ሲጻፍ ሞተሩ «ሀገረ ሕይወት»ንም አብሮ ይፈልጋል። ሽማግሌው ነገ ሌላ ስም ቢያስታውሱ አንድ መስመር ይጨመራል፣ በቃ።

ከመዝገብ ቤቱ ወጥተን ወደ ላይብረሪዎች ስንሄድ ነገሩ መጠኑን ይጨምራል እንጂ ዓይነቱን አይለውጥም። አምቦ ዩኒቨርሲቲ መነሻው በ1939 ዓ.ም. የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት ነው፤ ዛሬ አምቦ ካሉት ካምፓሶች ሌላ ጉደር ላይ የማሞ መዘምር ካምፓስ፣ ወሊሶም ሌላ አለው። የአገሪቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ የተመራቂዎቻቸውን ጥናት በዲጂታል እንዲያስቀምጡና ክፍት እንዲያደርጉ የያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2019 ፖሊሲ አውጥቷል። ለዚህ ሥራ የተለመደው ሶፍትዌር «ዲስፔስ» ነው፤ ኤምአይቲና ሂውሌት ፓካርድ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመመረቂያ ጽሑፎቹን የሚያኖርበት። ዲስፔስ ሰነዱን በራሱ ማከማቻ፣ ስለ ሰነዱ ያለውን መረጃ በዳታቤዝ ያስቀምጣል፤ ፍለጋውን የሚሠራው ግን ጎን ለጎን የሚሮጠው ሶልር ነው። «ኢንዴክስ ዲስከቨሪ» የሚባል ትእዛዝ አለው። ዝም ብሎ ሲነሣ የተለወጠውን ብቻ ያድሳል፤ «ቢ» የምትል አንዲት ፊደል ሲጨመርበት ያለውን ጠርጎ ሁሉንም ከዳታቤዙ እንደገና ይሠራል። የመጻሕፍት ካታሎግ የሚይዘው የኒውዚላንዱ «ኮሃ»ም አቻ ትእዛዝ አለው።

ፈጥሮ ከመጀመር በፊት ግን የሚገባው ጽሑፍ ጽሑፍ መሆኑ ይታይ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት፣ በአገራችን ደግሞ ከዚያም ብዙ ዓመት በኋላ፣ አማርኛ ይተየብ የነበረው እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ነው። ስክሪን ላይ «ሀ» ይመስላል፤ ከሥሩ ያለው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ማውጫው የሚያየው ከሥር ያለውን ስለሆነ ያን ዘመን ሰነድ ሳይለውጡ ማስገባት ማውጫውን በእንቶ ፈንቶ መሙላት ነው። ስካን ብቻ የሆነ ፒዲኤፍ ደግሞ ጭራሽ ጽሑፍ የለውም፤ ከምስል ላይ አማርኛ ማንበብ የሚችለው ነፃው ፕሮግራም «ቴሰራክት» በቅድሚያ ሊያልፍበት ይገባል። እነዚህ ሳይስተካከሉ ማውጫ መላልሶ መፍጠር ያንኑ ቆሻሻ መላልሶ መገልበጥ ነው።

ትልቅ ማውጫ ሲፈጠር ሰዓታት ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ ተማሪው ምን ይፈልግበታል? ጠርጎ ከመጀመር የሚሻል መንገድ አለ። አሮጌው እየሠራ አዲሱ በሌላ ስም፣ በጎን ይሠራል፤ ሲያልቅ ጥቂት የታወቁ ቃላት በሁለቱም ላይ ተፈልገው ይነጻጸራሉ፤ ከዚያ ስሙ ይዞራል። ኢላስቲክሰርች ለዚህ ቅጽል ስም የሚባል ነገር አለው፤ ሶልር ሁለቱን ማውጫዎች ቦታ የሚያለዋውጥ ትእዛዝ። መብራት ቢሄድም የቆመው አዲሱ እንጂ ተማሪው የሚጠቀምበት አይደለም። ዋጋው ለጥቂት ጊዜ የእጥፍ ያህል የዲስክ ቦታ ነው፤ በአሮጌ ሰርቨር ላይ ይህም አንዳንዴ ትልቅ ዋጋ ነው።

ማውጫ ከሰነዱ እንደገና ሊሠራ ይችላልና ይጥፋ አይባል፤ በዲስፔስ ውስጥ አንድ የሚያስቀጣ ልዩነት አለ። ሶልር ከፍለጋው ማውጫ ሌላ «ስታቲስቲክስ» የሚባል ክፍልም ይይዛል፤ የትኛው ጥናት መቼ፣ ከየት አገር ስንት ጊዜ እንደ ተነበበና እንደ ወረደ የሚመዘገበው እዚያ ነው። ይህ መዝገብ በዳታቤዙ ውስጥ ቅጂ የለውም። ፍለጋው ተበላሽቷል ብሎ የሶልርን ዳታ ፎልደር በሙሉ የደመሰሰ ሰው የፍለጋውን ክፍል በአንድ ትእዛዝ መልሶ ያገኛል፤ የዓመታት የንባብ ቁጥሩን ግን አያገኘውም። ዲስፔስ ይህን ክፍል ወደ ፋይል የሚያወጣ «ሶልር ኤክስፖርት ስታቲስቲክስ» የሚል ትእዛዝ አለው፤ የወጣውም በሌላ ዲስክ ላይ መቀመጡ ሳይረጋገጥ «ፍጠር» አይነካም።